አሞርዛተሩን የሸጠ ሥዕሉን ለምን ይደብቃል?

የተራራ ብስክሌት አሞርዛተር የንድፍ ሥዕል ጉዳይ፣ የዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ጠዋት ማኪያቶ ይዘው ከሚከራከሩባቸው ርዕሶች አንዱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የኑሮ ውድነቱ፣ የቤት ኪራዩ፣ የታክሲው ሰልፍ እያለ ስለ ብስክሌት ሞላ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ ከዚህች ጠባብ ጉዳይ ሥር ያለው ጥያቄ ሰፊ ነው። ገንዘቡን ከፍሎ ዕቃ የገዛ ሰው የገዛው ምኑን ነው? ብረቱን ብቻ ነው? ወይስ ብረቱ ከምን ጋር፣ እንዴት፣ በስንት ሚሊሜትር እንደሚገጥም የማወቅ መብትንም ጭምር? ሻጭ “ዕቃው ያንተ፣ ልኩ የእኔ” ሊል ይችላልን?

ጥያቄው ለአታሚ ማሽን፣ ለትራክተር፣ ለሆስፒታል መሣሪያም ይሠራል። እኔ ግን የብስክሌቱን አሞርዛተር የመረጥኩት፣ ዕቃው ትንሽና ግልጽ በመሆኑ የሕጉን አጥንት አራቁቶ ስለሚያሳይ ነው።

የሚጠየቀው ምንድን ነው?

ዛሬ ተራራ ላይ የሚነዱ ብስክሌቶች በአብዛኛው ከፊት ጎማው ግራና ቀኝ የሚወርድ ባለ አሞርዛተር ሹካ አላቸው። ብዙዎቹ ደግሞ በቴላዮው መሐል የምትቀመጥ፣ በአየር ወይም በሞላ የምትሠራ ሁለተኛ አሞርዛተር ይጨምራሉ። ገበያውን የሚመሩት ጥቂት ኩባንያዎች ናቸው። የአሜሪካዎቹ ፎክስና ሮክሾክስ በግንባር ቀደምትነት የሚጠሩ ሲሆን፣ ሮክሾክስ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በስራም ኩባንያ ሥር ይገኛል። የስዊድኑ ኦህሊንስም በዚሁ መስክ የታወቀ ነው።

የኋላ አሞርዛተር በሁለት ቁጥሮች ይጠራል። ለምሳሌ 210 በ55 ከተባለ፣ በሁለቱ ማሠሪያ ቀዳዳዎች ማዕከል መካከል ያለው ርዝመት 210 ሚሊሜትር ነው፤ የሚጨመቀው ደግሞ 55 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። የኋላ ጎማው 150 ሚሊሜትር እንዲነሳ የታሰበ ብስክሌት በዚህ አሞርዛተር ቢሠራ፣ 150 ለ55 ሲካፈል በአማካይ 2.7 ይሆናል። ጎማው ላይ ያረፈው ኃይል አሞርዛተሩ ዘንድ ሲደርስ በአማካይ ወደ ሦስት እጥፍ ተጠግቶ ይደርሳል ማለት ነው። ስለዚህ የማሠሪያው ቦታ በጥቂት ሚሊሜትር ሲዛነፍ የብስክሌቱ ጠባይ ይለወጣል።

ሁለቱ ቁጥሮች ብቻቸውን አይበቁም። አሞርዛተሩ ሲጨመቅ ባለበት አይቀመጥም፤ ይወዛወዛል። ከጎኑ የተለጠፈችው የዘይት ማጠራቀሚያ ከቴላዮው ጋር ትጋጭ ይሆን? የአየር መሙያዋን ለመክፈት እጅ ይገባ ይሆን? ብሎኑ ሲጠብቅ መፍቻው የሚዞርበት ቦታ አለ? ንድፍ አውጪው ይህን ሁሉ ብረት ከመቁረጡ በፊት በኮምፒዩተር ላይ ማየት ይፈልጋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ከሁሉም አቅጣጫ የሚታይና የሚለካ የዕቃው የኮምፒዩተር ንድፍ ነው። ባለሙያዎቹ ካድ ይሉታል። ቃሉ በአማርኛ ሲነበብ ትእዛዝ ይመስላል። ብዙ ፋብሪካዎችም ትእዛዙን በትጋት እየፈጸሙት ነው።

ጠያቂዎቹ እነማን ናቸው? በግል ወርክሾፑ ቴላዮ የሚበይድ አነስተኛ አምራች አለ። ለአሮጌ ብስክሌት አዲስ አሞርዛተር የሚገጥም ማያያዣ የሚሠራ ባለሙያ አለ። ከሁሉም የሚበዙት ግን የምህንድስና ተማሪዎች ይመስሉኛል። በአሜሪካ ተጀምሮ ወደ ሌሎች አገሮች የተስፋፋ ፎርሙላ ኤስ.ኤ.ኢ. የሚባል የተማሪዎች ውድድር አለ። ተማሪዎች ትንሽ የእሽቅድምድም መኪና ራሳቸው ነድፈው፣ ራሳቸው ሠርተው ይወዳደሩበታል። መኪናዋ ቀላል ስለሆነች የትልቅ መኪና አሞርዛተር ይከብዳታል። ስለዚህ ብዙ ቡድኖች የተራራ ብስክሌት አሞርዛተር ገዝተው ይገጥሙላታል።

የእህቴ ልጅ በአሜሪካ ከእንዲህ ዓይነቱ ቡድን በአንዱ ውስጥ ይሠራል። ቡድኑ አራት አሞርዛተሮች ከገዛ በኋላ ለአምራቹ ደብዳቤ ጽፎ የካድ ንድፉን ጠየቀ። የመጣው መልስ ሁለት መስመር ነበር። ንድፉ የኩባንያው ምስጢር መሆኑን፣ የሚሰጠውም የምስጢር መጠበቅ ውል ለፈረሙ የሥራ አጋሮች መሆኑን ይገልጻል። ልጁ ደብዳቤውን ላከልኝና፣ “ጋሼ፣ ዕቃውን በገንዘባችን ገዝተነዋል። ሥዕሉን መከልከል ይችላሉ?” ሲል ጠየቀኝ። ሕግ የተማረ አጎት ያለው ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ በነፃ የመጠየቅ መብት አለው። አጭሩ መልስ፣ “አዎ፣ መከልከል ይችላሉ፤ አንተን ከመለካት ግን ሊከለክሉህ አይችሉም” የሚል ነው። ረጅሙ መልስ ከዚህ ይቀጥላል።

የፋብሪካዎቹ ምክንያት

ሁልጊዜ ሸማቹን አቅፎ አምራቹን መርገም ቀላል ነው። የፋብሪካዎቹን ክርክር ግን ከነጥንካሬው ማየት ይገባል።

አንደኛው ምክንያት አስመስሎ የመሥራት ሥጋት ነው። ሙሉ ንድፉ በእጁ የገባ ሰው የመለካቱን ድካም ዘሎ በቀጥታ ወደ ማምረት ሊሄድ ይችላል። ሁለተኛው የኃላፊነት ጉዳይ ነው። ተራራ ሲወርዱ የሚሰበር ሹካ አጥንት ይሰብራል፤ ሕይወትም ያጠፋል። በአሜሪካ የምርት ኃላፊነት ሕግ በብልሹ ምርት ለደረሰ ጉዳት አምራቹ ጥፋት ባይገኝበትም ሊጠየቅ ይችላል። አንድ ሰው ከኩባንያው በተላከለት ንድፍ ተመርቶ የሠራው ነገር ቢሰበር፣ የከሳሽ ጠበቃ ንድፉን የላከውን ኩባንያ አብሮ እንደሚጠራ የኩባንያው ጠበቃ ያውቃል። ሦስተኛው ቀላልና ሰዋዊ ነው። ዕቃዎቹ በየጊዜው ይሻሻላሉ፤ የአምናው ንድፍ ለዘንድሮው ዕቃ ላይሠራ ይችላል። ተማሪ በመጣ ቁጥር ትክክለኛውን ፋይል ፈልጎ የሚልክ ሠራተኛ መቅጠር ገንዘብ ነው።

በዚህ ላይ ኩባንያዎቹ እርስ በርስ የሚተማመኑ አይደሉም። ፎክስና ስራም በብስክሌት ጥርስ ንድፍ ፓተንት ላይ ለዓመታት ተሟግተው፣ ክርክራቸው እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ድረስ ደርሷል። በእንዲህ ያለ ሰፈር የሚኖር ሰው በሩን ቢቆልፍ አይገርምም።

ነገር ግን ቁልፉ የቱን በር ነው የሚዘጋው? ክርክሩ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። “ካድ” በሚለው አንድ ስም የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የዕቃው የውጭ ገጽታና የማሠሪያዎቹ ልክ ነው። ሁለተኛው የውስጡ አሠራር ነው። ዘይቱ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች፣ በላያቸው የሚደረደሩት ከሚሊሜትር አሥረኛ የማይርቅ ውፍረት ያላቸው ስስ የብረት ዝርግ ቀለበቶች፣ የአየር ክፍሎቹ መጠን እዚህ ይገባሉ። ሦስተኛው የአመራረቱ ዕውቀት ነው፤ የትኛው ብረት፣ በምን ሙቀት፣ በምን ያህል ልዩነት ተፈቅዶ እንደተሠራ።

የኩባንያው ሀብት ያለው በሁለተኛውና በሦስተኛው ውስጥ ነው። ተማሪውና ቴላዮ ሠሪው የሚለምኑት ግን የመጀመሪያውን ነው። የመጀመሪያው ደግሞ ካሊፐርና አንድ ከሰዓት በኋላ ያለው ሰው ሁሉ የሚያገኘው ነገር ነው። በየሱቁ መስኮት የተሰቀለን ዕቃ ውጫዊ መልክ ምስጢር ማለት፣ አደባባይ የወጣን ሰው ቁመት ምስጢር እንደማለት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የንግድ ምስጢር ሕግ የሚጠብቀው ምስጢር የሆነን ነገር ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1974 ከዋኒ ኦይል በባይክሮን ላይ ባቀረበው ክስ እንዳስረዳው፣ በገበያ የተገኘን ዕቃ ፈታቶ፣ ለክቶና መርምሮ አሠራሩን ማወቅ ምስጢር መስረቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የአሜሪካ የንግድ ምስጢር ሕግም ይህንኑ በግልጽ አስፍሯል። በዚያው ዓመት የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የንግድ ምስጢር መመሪያም እንዲሁ በሕጋዊ መንገድ እጅ የገባን ዕቃ መመልከት፣ ማጥናት፣ መፈታታትና መሞከር ሕጋዊ የዕውቀት ምንጭ ነው ይላል። በዚህኛው ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፤ ሰውዬው እንዳያደርግ የሚያስገድድ ሕጋዊ ግዴታ የሌለበት መሆን አለበት። ይህችን ቅድመ ሁኔታ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

በለካነው ልክ የምንሠራው የኮምፒዩተር ንድፍስ የማን ነው? ለዚህ የሚጠቅም ፍርድ እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ተሰጥቷል። መሽወርክስ የተባለ ድርጅት የቶዮታ መኪናዎችን ለክቶ ለማስታወቂያ የሚሆን የኮምፒዩተር ንድፍ ሠራ። ለእያንዳንዱ መኪና ከ80 እስከ 100 ሰዓት ያህል እንደፈጀበት ተናገረ። ንድፉ ከተስማማሁበት በላይ ጥቅም ላይ ውሏል ብሎም በቅጂ መብት ከሰሰ። ውሳኔውን የጻፉት፣ ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ኒል ጎርሰች ነበሩ። ንድፉ ያለውን መኪና እንዳለ ከማሳየት ያለፈ የፈጠራ አሻራ ስለሌለው የቅጂ መብት ጥበቃ አይገባውም ተባለ። ድካም ብቻውን ደራሲ አያደርግም ማለት ነው። የዚህ ፍርድ ትርጉም ለተማሪው ሁለት አፍ አለው። የለካኸውን ንድፍ ለጓደኛህ ብታካፍል የሚከስህ አይኖርም፤ አንተም ሌላው ቢወስድብህ ለመክሰስ ይከብድሃል።

ወደ እንግሊዝ ብንሻገር ደግሞ፣ ስለ መኪና ጭስ ማውጫ ቱቦ የተሰጠ ዝነኛ ፍርድ እናገኛለን። ብሪቲሽ ሌይላንድ የተባለው የመኪና አምራች፣ አርምስትሮንግ የተባለ ኩባንያ ያለ ፈቃድ የጭስ ማውጫ መለዋወጫ በመሥራቱ ከሰሰው። ክሱ የተመሠረተው በቱቦው ላይ ሳይሆን በቱቦው የንድፍ ሥዕል የቅጂ መብት ላይ ነበር። አርምስትሮንግ ሥዕሉን አይቶ አያውቅም፤ የለካው ቱቦውን ነው። ቱቦውን መቅዳት በተዘዋዋሪ ሥዕሉን መቅዳት ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1986 የጌቶች ምክር ቤት ጉዳዩን ሲወስን፣ የቅጂ መብቱን ባይክድም ለመለዋወጫው እንዲያገለግል አልፈቀደም። መኪና የሸጠ ሰው፣ ገዢው መኪናውን አስጠግኖ እንዳይጠቀም በሌላ እጁ ሊከለክል አይችልም ሲል ፈረደ። መልሶ የሚነጥቅ ሰጪ የለም እንደማለት ነው። በኋላ የመጡ ፍርዶች ይህን ሐሳብ አጥብበውታል፤ ፓርላማው ግን እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ሕግ፣ አንድ ዕቃ ከሌላው ጋር እንዲገጥም የግድ ሊኖረው የሚገባውን ቅርጽ ከንድፍ መብት ጥበቃ ውጭ አደረገው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2001 ባወጣው የንድፍ ደንብ ተመሳሳይ ድንጋጌ አስገብቷል።

እንግዲህ የማሠሪያው ቀዳዳ ስፋት፣ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት፣ ከቴላዮው ጋር የሚገናኘው ፊት በአውሮፓ ሕግ በንድፍ መብት እንኳ ሊታጠር የማይችል ነገር ነው። ሕግ አውጪው ሆን ብሎ ክፍት ያስቀረውን በር ነው ኩባንያዎቹ በዝምታ የሚዘጉት።

ይህ ማለት ግን መለካት ከተፈቀደ ሁሉም ተፈቀደ ማለት አይደለም። ፓተንት ሌላ ነገር ነው። የውስጡ ቫልቭ በፓተንት የተጠበቀ ከሆነ ራስህ ለክተህ ብትሠራውም ጥሰት ነው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መሆን እንኳ መሸሸጊያ እንደማይሆን የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 በዱክ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ አሳይቷል። በሌላ በኩል፣ የገዙትን ዕቃ ያለቀ ክፍል ቀይሮ መጠገን አዲስ ዕቃ እንደመሥራት አይቆጠርም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ያለው እ.ኤ.አ. በ1961፣ ስለ ተከፋች መኪና የሸራ ጣሪያ በቀረበለት ክርክር ነው። ሸራው ሲያልቅ መለወጥ ጥገና ነው አለ። ያለቀ ጎሚኒና ያለቀ ኩሽኔታም ከዚያ ሸራ የተለዩ አይደሉም።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር

አሁን ወደዚያች ቅድመ ሁኔታ ልመለስ። ኩባንያው “የምስጢር መጠበቅ ውል ፈርምና ንድፉን እሰጥሃለሁ” ሲል ብዙ ወጣት መሐንዲስ በደስታ ይፈርማል። ውሉ አምስት ገጽ ነው፤ ማንም አያነበውም። እኔ ግን ባለፉት ዓመታት ካነበብኳቸው የዚህ ዓይነት ውሎች ውስጥ ሁለት አንቀጾች ደጋግመው ያጋጥሙኛል። አንዱ ስለ ምርቱ የተገኘ ማንኛውም መረጃ፣ ከየትም ይምጣ፣ ምስጢር እንደሆነ ይቆጠራል የሚል ነው። ሌላው ተቀባዩ ምርቱን እንዳይፈታታና እንዳይመረምር የሚከለክል ነው።

ይህን የፈረመ ሰው ምን እንዳደረገ ልብ በሉ። ከመፈረሙ በፊት አሞርዛተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ መለካት፣ መፈታታት፣ የለካውንም ለፈለገው መንገር ይችል ነበር። ሕጉ ከጎኑ ነበር። ከፈረመ በኋላ ግን የአውሮፓው መመሪያ የሚለው “ሕጋዊ ግዴታ” በራሱ ፊርማ ተጫነበት። በገዛ ካሊፐሩ ያገኘው ልክ እንኳ የውል ክርክር ሊነሳበት ይችላል። የአንድ ቀን ሥራ የሚያድን ፋይል ለማግኘት ሲል የዕድሜ ልክ ሊሆን የሚችል ግዴታ ገባ። አባቶቻችን “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” የሚሉት ይህንኑ ነው።

ለዚህ ነው የእህቴን ልጅ “አትፈርም” ያልኩት። የአራቱን አሞርዛተሮች ውጫዊ ልክ ቡድኑ ራሱ እንዲወስድ መከርኩት። ሁለት ተማሪዎች ቅዳሜ ከሰዓት ተቀምጠው ጨረሱት። ሙሉ ተዘርግቶ ስንት ነው፣ ሙሉ ተጨምቆ ስንት ነው፣ በጣም የሚወፍርበት ቦታ የት ነው፣ የዘይት ማጠራቀሚያዋ ወዴት ትወጣለች የሚለውን ያዙ። ቫልቩን አልነኩም፤ አያስፈልጋቸውም ነበር።

ይህ ምክር ግን ለሁሉም አይሠራም። ዕቃውን ገና ያልገዛ ሰው ምን ይለካል? አነስተኛው ቴላዮ ሠሪ ለአሥር ዓይነት አሞርዛተር የሚሆን ቴላዮ ለመንደፍ አሥሩንም መግዛት አለበት? ትልልቆቹ የብስክሌት ፋብሪካዎች ንድፉን ዕቃው ገበያ ሳይወጣ በፊት በአጋርነት ያገኙታል። ትንሹ ግን ከገበያ ገዝቶ፣ ለክቶ፣ ዓመት ዘግይቶ ይደርሳል። የመለካት መብት ውድ መብት ነው፤ ገንዘብና ጊዜ ላለው ሰው ግን ይበልጥ ይመቻል። ዝምታው የሚጎዳው አስመስሎ ሠሪውን አይደለም፤ እሱማ ሁልጊዜ ካሊፐር አለው። የሚጎዳው ትንሹን፣ ሐቀኛውንና ጀማሪውን ነው።

የከፈተ ምን ተጎዳ?

ልክን መስጠት ኪሳራ ቢሆን ኖሮ ብሎንና ኩሽኔታ የሚሸጡ ኩባንያዎች ቀድመው በከሰሩ ነበር። ማክማስተር-ካር የተባለው የአሜሪካ የዕቃ አቅራቢ ከሚሸጣቸው እጅግ ብዙ ዕቃዎች የአብዛኞቹን የካድ ንድፍ ለማንም ያለ ክፍያ ይሰጣል። የስዊድኑ የኩሽኔታ አምራች ኤስ.ኬ.ኤፍም እንዲሁ። ስሌታቸው ግልጽ ነው። መሐንዲሱ የአንተን ብሎን ንድፉ ውስጥ ካስገባ የሚገዛውም የአንተን ብሎን ነው።

በዚያው በብስክሌቱ ዓለምም ትምህርት የሚሆን ምሳሌ አለ። የብስክሌት ካምቢዮ ከቴላዮው ጋር የሚታሠርባት ትንሽ ቁራጭ አለች፤ ብስክሌት ሲወድቅ ቴላዮው እንዳይጎዳ እሷ ትጣመማለች ወይም ትሰበራለች። እያንዳንዱ ቴላዮ ሠሪ የራሱን ቅርጽ ስለሚሠራ፣ ቁራጯ የተሰበረችበት ሰው ትክክለኛዋን ለማግኘት ሱቅ ለሱቅ ይንከራተት ነበር። ስራም እ.ኤ.አ. በ2019 ለሁሉም የምትሆን አንድ ቅርጽ አውጥቶ ለቴላዮ ሠሪዎች ያለ ክፍያ ከፈተው። ብዙዎች ተቀበሉት። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2023፣ ኩባንያው ያቺን ቁራጭ ጭራሽ የማይፈልግ፣ በዚያው ቦታ ላይ በቀጥታ የሚታሠር አዲስ ካምቢዮ ይዞ ብቅ አለ። ገበያው ላይ ያሉ ብዙ ቴላዮዎች አስቀድመው ተዘጋጅተውለት ጠበቁት።

ይህን የማነሳው ኩባንያውን ለማመስገን አይደለም፤ ጽድቅም አልሠራም፤ ንግድ ነው የሠራው። ቁም ነገሩ የመገጣጠሚያ ልክን መስጠት የውስጡን ዕውቀት መስጠት አለመሆኑን ራሳቸው ኩባንያዎቹ ማወቃቸው ነው። ሲጠቅማቸው ይከፍቱታል። ፍትሐዊ ለመሆን ደግሞ ይህንንም ልጨምር፤ ሮክሾክስም ሆነ ፎክስ የጥገና መመሪያዎችንና የመለዋወጫ ዝርዝሮችን ለሕዝብ ያወጣሉ። አሞርዛተሩን ፈታቶ ለመጠገን የሚረዳውን መመሪያ የሚያወጣ ኩባንያ፣ ቴላዮ ውስጥ ለመግጠም የሚረዳውን የውጭ ንድፍ ምስጢር ሲል መስማት ግራ ያጋባል።

በእኛ ሕግ ቢታይ

አገራችን አሞርዛተር ለዓለም ገበያ የምታመርት አይደለችም። ዕቃ ግን ትገዛለች፤ የሚገዛ አገር ደግሞ ከማንም በላይ የገዢው መብት ሊያስጨንቀው ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1204 ሀብትነትን በግዙፍ ዕቃ ላይ ካሉት መብቶች ሁሉ የሰፋው ያደርገዋል። በቁጥር 1205 ደግሞ ባለሀብቱ ሕግ ካልከለከለው በቀር በንብረቱ እንደ ፈቀደ ሊገለገልበት እንደሚችል ይደነግጋል። ከዚህ የሰፋ ቋንቋ ማግኘት ያስቸግራል። የራስን ዕቃ መለካት ከመገልገል ውጭ ነው የሚል ዳኛ ይኖራል ብዬ አላስብም።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123ም ለንግድ ዓላማ ያልተደረጉ ተግባራትንና ለሳይንሳዊ ምርምርና ሙከራ ብቻ የተደረገ አጠቃቀምን ከፓተንት ባለመብቱ ክልከላ ውጭ አድርጎ ነበር የተቀረፀው። ለተማሪ ከአሜሪካው ፍርድ የሚሻል ዕይታ ነው። ይህ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ምን አለሽ ተራ የሚሠሩ ወገኖቻችን፣ በየሰፈሩ ያሉ ቶርኖ ቤቶች፣ ከውጭ ያልመጣን መለዋወጫ ከአሮጌው ላይ ልኩን ወስደው ሲያወጡ ኖረዋል። ከፋብሪካ ሥዕል አልጠበቁም። ያንን ልምድ ሕገ ወጥ የሚያስመስል የውጭ ውል ዩኒቨርሲቲዎቻችንና ድርጅቶቻችን ሳያነቡ ሲፈርሙ ግን ሕጉ የሰጣቸውን በፊርማቸው ይመልሳሉ።

ምን ይሻላል?

አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2024 የጥገና መብት መመሪያ አውጥታለች። አባል አገሮች ሥራ ላይ እንዲያውሉት የተቀመጠው ቀን ጁላይ 31 ቀን 2026 ነው። መመሪያው በዝርዝሩ የገቡ ዕቃዎች አምራቾች፣ ነፃ ጠጋኞች ተስማሚ መለዋወጫ፣ በሦስት አውታር ማተሚያ የተሠራውን ጭምር፣ እንዳይጠቀሙ ማደናቀፍን ይከለክላል። በዝርዝሩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ብስክሌትን የመሳሰሉ ባለ ባትሪ ዕቃዎች አሉ። ባትሪ የሌለው ተራ የተራራ ብስክሌት ግን የለበትም። ከሁሉም በላይ፣ መመሪያው “አታደናቅፍ” ይላል እንጂ “ልኩን ስጥ” አይልም። በሕትመት የሚሠራ መለዋወጫን ፈቅዶ ሕትመቱ የሚነሳበትን ልክ አለመጠየቅ፣ እንጀራ ጋግሪ ብሎ ምጣድ መንፈግ ነው።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። አምራቾች የውስጡንና የአመራረቱን ንድፍ እንደያዙ ይቀመጡ፤ ተገቢ ሀብታቸው ነው። የውጭ ገጽታውንና የመገጣጠሚያውን ልክ ግን ማንኛውም የንድፍ ፕሮግራም በሚያነበው ስቴፕ በተባለው የጋራ ፎርማት፣ ሙሉ ተዘርግቶና ሙሉ ተጨምቆ፣ የወጣበት ቀን ተጽፎበት ለሕዝብ ያውጡት። ከኃላፊነት አንፃርም ጥሩ ማስታወሻ ያለው ትክክለኛ ንድፍ፣ ሰው በግምት ከሠራውና በግራብካድ ዓይነት መጋሪያ ቦታ ከሚዘዋወረው ንድፍ ይሻላቸዋል። ተማሪው አሁን የሚጠቀመው ያንን ነውና። በፈቃዳቸው ካላደረጉት ደግሞ ሕግ አውጪዎች “ለመግጠም የግድ የሚያስፈልግ ልክ” የሚለውን፣ ከጥበቃ ውጭ የተደረገውን ነገር፣ ወደ ግዴታ ሊያሳድጉት ይገባል።

ለጠያቂዎችም ምክር አለኝ። “የካድ ንድፍ ላኩልኝ” ብላችሁ አትጻፉ፤ ይህ አባባል ጠበቃውን ይቀሰቅሳል። የውጭ ገጽታውንና የማሠሪያ ቀዳዳዎቹን ማዕከል ብቻ እንደምትፈልጉ፣ የውስጡ እንደማያስፈልጋችሁ፣ የዕቃውን ሞዴልና ዓመት ጠቅሳችሁ ጻፉ። የወረቀት ሥዕል ቢሆንም እንደሚበቃችሁ ጨምሩ። ውል ከመጣ ሁለት ነገር አስወጡ፤ በራሳችሁ መንገድ ያገኛችሁት መረጃ ከምስጢሩ ውጭ መሆኑ ይጻፍ፤ የመፈታታት ክልከላውም ይሰረዝ። እምቢ ካሉ አትፈርሙ። አሞርዛተሩ ጠረጴዛችሁ ላይ ነው፤ ካሊፐር ደግሞ በየመሣሪያ ሱቁ ይሸጣል።